አዶቴ የቆረጡት የቫኒላ አበባ

በ2002 ዓ.ም. በበልግ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል ነው። ዝናቡ ሁለት ጊዜ ጣል አድርጎ ጠፍቶ ነበር። የምነግራችሁ ከሐሙስ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ጠዋት የደረሰብኝን ነው። ብዙ ማውራት አልወድም። ይህን ሳልናገር ብቀር ግን የአላህን ውለታ እንደ መደበቅ ይሆንብኛል።

ያኔ ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ከሞተ አራት ዓመት አልፎታል። ወልቂጤ ከተማ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤትና ሦስት ልጆች ነበሩኝ። ከከተማው ወደ ጊቤ ሲወረድ ደግሞ አንድ የእርሻ ቦታ አለን። ከአስፋልቱ ግማሽ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። ቆላ ነው፤ ምንጭ አለው። ባለቤቴ ሙዝና ማንጎ ተክሎበት፣ ዙሪያውንና መሃሉን በቆርች ዛፍ ሞልቶት ነበር።

እሱ በሞተ በዓመቱ ትዕግስት የምትባል ወጣት የግብርና ባለሙያ ወደ ቦታው መጣች። ክንድ የሚያህሉ አሥራ ሁለት የሐረግ ቁራጮች በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ይዛለች።

“ቫኒላ ነው” አለችኝ።

ቫኒላን የማውቀው ኬክ ቤት፣ በትንሽ ጠርሙስ ነበር። ሐረግ መሆኑን አላውቅም። የኦርኪድ ወገን እንደሆነ ነገረችኝ። ኦርኪድ ምንድን ነው ስላት፣ ሙቀትና ዝናብ ባለበት ደን ውስጥ ዛፍ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ተክል ነው አለች። ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅ ሆኜ ቸሃ ውስጥ፣ በቤቶቻችን ፊት በተዘረጋው የጋራ ሜዳ፣ በጀፎረው ዳር አንድ አሮጌ ዝግባ ነበር። ከቅርንጫፉ ላይ አፈር ሳይነካ የሚያብብ ነጭ አበባ አይ ነበር። ዛፉን አይመጠውም፣ አይጎዳውም። ይዞት ይኖራል እንጂ። የራሷ መሬት ሳይኖራት ሰው ይዛ የምትኖር፣ ባል የሞተባት ሴት መሰለኝና ቁራጮቹን ተቀበልኳት።

ትዕግስት አያያዙን አሳየችኝ። ፀሐይም ጥላም ግማሽ በግማሽ ይፈልጋል። ሥሩ ከላይ ከላይ ስለሚሄድ ዶማ አይነካውም፤ ደረቅ ቅጠል ይለብሳል። እያንዳንዱን በአንድ ቆርች ሥር አስቀመጥኩና ከአገር ቤት ባመጣሁት የእንሰት ቃጫ ላላ አድርጌ አሰርኩት። ሐረጉ ከቁመቴ ሲያልፍ ወደ ታች መልሼ እንዳጥፈው አዘዘችኝ፤ ሲያብብ እጅ ሊደርስበት ይገባል። አሥራ አንዱን አጠፍኩ። ምንጩ አጠገብ ያለውን አንዱን ግን በስንፍና ተውኩት። ወጣ ወጣና የዛፉ ጫፍ ደረሰ።

ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠል ብቻ ሰጠኝ።

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሸምሱ ይባላል። ከወንዶቹ የቀረው እሱ ስለሆነ የቤተሰቡ ቃል የእሱ ሆነ። ክፉ ሰው አይደለም። የልጆቼን ደብተር ገዝቶ ያውቃል። ነገር ግን ቦታውን ለጫት ፈልጎት ነበር።

“እትዬ፣ ምንጭ ያለው መሬት ላይ ሐረግ ታበቅያለሽ። ሰው ይስቅብሻል” ይለኝ ነበር።

ጫት ለብዙ ቤት እንጀራ ነው፤ በማንም አልፈርድም። እኔ ግን ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ የሠፈሬ ልጆች ለመቃም የት እንደሚቀመጡ አያለሁ። የበኩር ልጄ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባቱ በተከለው መሬት ላይ ጫት ቆርጦ እንዲያድር አልፈለግኩም። ይህን ለሸምሱ በሦስት ቃል ነገርኩት። በታኅሣሥ ሽማግሌ ሰበሰበብኝ።

የመሬቱ ደብተር በባለቤቴ ስም ነበር። ወደ ክስ መሄድ እችል ይሆናል፤ ግን ልጆቼን ከአባታቸው ወገን መቁረጥ መሰለኝና ሽማግሌ ፊት ቀረብኩ። አንጋፋው ሐጂ ነስሩ ሁለታችንንም ሰምተው እንዲህ ፈረዱ፤ “እስከ ሚያዝያ የመጨረሻዋ ቅዳሜ እንጠብቃት። ሐረጉ ፍሬ ከያዘ ቦታው በእሷ እጅ ይሁን። ካልያዘ ሸምሱ ይትከልበት። ቅዳሜ ጠዋት እኛው መጥተን እናያለን።”

እጅ ነሳሁና ወጣሁ።

ሚያዝያ ሲጋመስ ሐረጉ ላይ ከቅጠሎቹ ብብት አረንጓዴ ነገር ብቅ አለ። እንደ ትናንሽ የሙዝ ጣቶች የተደረደረ እንቡጥ ነው። ለስግደት ተደፍቼ አለቀስኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ዓይን ፈራሁ፤ አፌንም ዝም ማለት አስለምጄዋለሁ። ጥፋቴ ይሄ ነበር።

በሚያዝያ የመጨረሻው ማክሰኞ ሸምሱ እናቱን ከቸሃ አምጥቶ እርሻው ላይ ያለችው ጎጆ አደረሳቸው። ለቅዳሜው እንዲገኙ ነው። አማቴን በአገራችን ቋንቋ አዶቴ እላቸዋለሁ፤ እናቴ ማለት ነው። ሰባ ዓመት ያልፋቸዋል። በእንሰት ሥራ አገር የመሰከረላቸው ናቸው። ሐሙስ ጠዋት እሳቸውን እዚያው ትቼ ልጆቼን ለማየት ወደ ወልቂጤ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ስመለስ አዶቴ የጎጆዋ ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። ፊታቸው በርቷል።

“ነይ ልጄ፣ ነይ። ሥራሽን ጨርሼ ቆየሁሽ።”

“ምን ሠሩ አዶቴ?”

“ያ ሐረግሽ ሊያብብብሽ ነበር እኮ! አንድ ቀን ብዘገይ ጉድ ፈልቶብሽ ነበር። አንድ በአንድ ቆረጥኩልሽ።”

በሙዝ ቅጠል ላይ ተደርድሯል። እሳቸው ሲሠሩ ንጹሕ ነው፤ አንዱን ዘለላ ከአንዱ አስተካክለው፣ ጫፉን በአንድ ወገን አድርገው አስተኝተውታል። ቆጠርኩት። አሥራ ዘጠኝ ነው።

የእንሰት አገር ያልሆነ ሰው ይህን ላይረዳ ይችላል። እንሰት ካበበ ሥጋውን ሁሉ ለአበባው ሰጥቶ ያልቃል። ጎበዝ ሴት ከዚያ በፊት ትደርስበታለች፤ ትፍቀዋለች፣ ቆጮውን ትቀብራለች። ጓሮዋ ውስጥ እንሰት አብቦ የቆመባት ሴት፣ ተኝታ ነው ይባልባታል። አዶቴ ሽማግሌዎቹ መጥተው እንዳያሙኝ ክብሬን መጠበቃቸው ነበር።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

“ምነው? አመመሽ?”

“አዶቴ፣ ይሄ እንሰት አይደለም።”

“እንሰት አለመሆኑንማ ዓይን አለኝ። ተክል ግን ተክል ነው።”

“የዚህ ፍሬው ከአበባው ነው የሚመጣው። አበባው ከሌለ ፍሬ የለም።”

 በእጃቸው የያዙትን ቢላዋ ተመለከቱትና ቀስ ብለው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

“ለቅዳሜ የምታሳዪው ይሄን ነበር?”

“አዎ።”

ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። ተቆጡ።

“ታዲያ አፍ የለሽም? ሁለት ቀን አብሬሽ በላሁ፣ አብሬሽ ተኛሁ! ‘አዶቴ፣ ይሄን አይንኩብኝ’ ማለት አቅቶሽ ነው? ሰው እንዴት ከነገሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል?”

 እውነታቸውን ነው።

እንዲህ እንዳለን ሸምሱ መጣ። እናቱን ሊያይ፣ ስኳርና ዳቦ ይዞ ነው። የሙዝ ቅጠሉን አየ፣ እኔን አየ። አዶቴ አንድም ሳይደብቁ ነገሩት። መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ እስኪያስለው ሳቀ።

“ሱብሐነላህ! ሽማግሌ አምስት ወር የተጨነቀበትን አንቺ በአንድ ቢላዋ ፈረድሽው፣ አዶት!”

“ዝም በል” አሉት።

“እትዬ፣ እንግዲህ ነገሩ አለቀ። ችግኙ ወልቂጤ ጥላ ሥር ቆሞ እየደረቀብኝ ነው። ነገ አመጣዋለሁ።”

“የተባለው ቅዳሜ ነው” አልኩት።

“ቅዳሜ ምን ልታሳዪን ነው? ግንዱን?”

“ዛሬ ሐሙስ ነው።”

“ሐሙስ መሆኑን አውቃለሁ።”

“እንግዲያው ቅዳሜ ና።”

ፊቱን ቀና አድርጌ እያየሁ መልስ ስሰጠው ያ የመጀመሪያዬ ነው። እሱም ገርሞት መሰለኝ ትንሽ አየኝና ዳቦውን ለእናቱ ሰጥቶ ሄደ።

አዶቴ ከተቀመጡበት ተነሡ። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከዛፍ ዛፍ እየዞሩ ሽቅብ ማየት ጀመሩ። ምን እንደሚፈልጉ አልጠየቅኳቸውም። ከምንጩ አጠገብ ሆነው ጠሩኝ።

“እዚህ ላይ አንድ አለ። እጄ አልደረሰልኝም ነበር። ነገ ሸምሱን መሰላል አስመጥቼ ልቆርጠው ነበር።”

ያ በስንፍና ሳላጥፈው የቀረው ሐረግ ነው። ከቆርቹ ጫፍ አጠገብ አንድ ዘለላ ተንጠልጥሏል። ከእንቡጦቹ ታችኞቹ ሁለቱ ወፍረዋል፣ ቀለማቸውም ገርጥቷል። ትዕግስት እንዲህ ሲሆን በማግስቱ ይከፈታል ብላኝ ነበር።

ነገር ግን አበባው ስላበበ ብቻ ፍሬ አይሆንም። ይህን አውቃለሁ፤ ሥራውን ግን በእጄ ሠርቼው አላውቅም። ትዕግስት በወረቀት ላይ ሥላ ስታሳየኝ ብቻ ነው ያየሁት። እሷ ደግሞ ወደ ቦንጋ ተዛውራለች። ሞባይሌን ይዤ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ ወጣሁ። አዶቴም ተከተሉኝ፤ ተዉ ብላቸው እምቢ አሉ።

ጠራ፣ ጠራ፣ አነሣች።

“ትዕግስት፣ ዘይነባ ነኝ፣ ከወልቂጤ።”

“እትዬ ዘይነባ! አበበልሽ?”

“አበበ። ተቆረጠም። አንድ ቀርቶኛል። ነገ ይከፈታል። እንዴት እንደማደርግ ንገሪኝ።”

ጎበዝ ልጅ ነች፣ ማን ቆረጠው ብላ ጊዜ አላጠፋችም።

“ስሚኝ። ሲነጋ ይከፈታል፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ይጠወልጋል። አንድ ቀን ብቻ ነው ያላት። በትውልድ አገሯ ይህን የምታደርግላት ትንሽ ንብ አለች፤ እኛ ጋ የለችም። ንቧ አንቺ ነሽ። የሎሚ እሾህ ያዢ። አበባዋ ውስጥ እንደ ትንሽ ጣት ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር አለ። ጫፉ ላይ ቢጫ አለ፣ ወንዱ ነው። ከሥሩ የሚያጣብቅ እርጥብ ቦታ አለ፣ እሱ ሴቷ ነው። በመሃላቸው እንደ ምላስ ያለች ስስ ቆዳ ጋርዳለች። ምላሷን በእሾሁ ወደ ላይ አንሺና ከላይ ያለውን በአውራ ጣትሽ ቀስ ብለሽ ወደ ታች ተጫኚው። እንዳይቀደድ። አለቀ።”

“መያዙን በምን አውቃለሁ?”

“በማግስቱ ንኪያት። ካልያዘች እጅሽ ላይ ትወድቃለች። ከያዘች ትጠወልጋለች እንጂ አትወድቅም።”

ሒሳቡ አልቆ ተቋረጠ። አዶቴ ጆሯቸውን ከስልኩ ጋር አስጠግተው ሁሉንም ሰምተዋል።

“ይህን ያህል ስስ ቆዳ ከሆነ እኔ እችለው ነበር” አሉኝ ስንወርድ። “ስልሳ ዓመት ቃጫ ስለይ ኖሬያለሁ። መሰላል መውጣት ነው እንጂ ያቃተኝ።”

መሰላል ከጎረቤት ተዋስን። አዶቴ ሦስት የሎሚ እሾህ መርጠው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ። ያን ሌሊት የሆነ ነገር የለም። ተኛን።

ዓርብ ሱብሒ ሰገድንና ወጣን። ጎሕ ሲቀድ እንቡጡ ተዘግቶ ነበር። ፀሐይ ከኮረብታው ጫፍ ስትደርስ ሁለቱም መከፈት ጀመሩ። ሰው የሚያደንቀው ዓይነት አበባ እንዳይመስላችሁ። ገርጣ ያለ ቢጫ፣ ከቅጠሉ ብዙ የማይለይ ነው። ለዚህ ነው ወይ ሦስት ዓመት? ብል አይፈረድብኝም። አላልኩም።

የቆርች ግንድ እሾሃማ ነው፤ ሰው ደገፍ ብሎ አይቆምበትም። መሰላሉን አስደግፈን ወጣሁ። ከሥር መሬቱ የምንጭ ጭቃ ነው። አዶቴ በሁለት እጃቸው ያዙልኝ፤ ግን የእሳቸው ክብደት ምን ይሆናል። ቢስሚላህ ብዬ የመጀመሪያዋን አበባ በግራ እጄ ደገፍኩ። ምላሷን አየኋት። እሾሁን አስገባሁ። ልክ ላነሣት ስል የመሰላሉ አንድ እግር ወደ ጭቃው ሰመጠ። ቆርቹን ጨበጥኩ፤ መዳፌን እሾሁ ወጋኝ። አበባዋን ሳያት በመሃሏ ተቀድዳለች።

ወረድኩ። መዳፌ ይደማል። አዶቴ ነጠላቸውን ቀደው አሰሩልኝ።

“ሁለተኛዋስ?”

“አለች።”

“ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?”

“የሚይዝልኝ ሰው። እንዲህ ከሆነ እሷንም እቀድዳታለሁ።”

ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ጎረቤቶቻችን ወደ ከተማ ወጥተዋል፤ ዓርብ ነው። እዚያው እንደቆምን ከጥርጊያው መንገድ የመኪና ጥሩምባ ሰማን። የሸምሱ አይሱዙ ነው። ሁለት ወዛደሮች ይዟል። የጫት ችግኙን በእስር በእስር አውርደው አጥሬን ከፍተው እያስገቡ ከሙዙ ሥር ደረደሩት።

ሄድኩና ፊቱ ቆምኩ።

“ቅዳሜ ነው ያልኩህ።”

“እትዬ፣ አሁን የቀረ ነገር አለ? ዛሬ ጉድጓድ ይቆፈር፣ ነገ ሽማግሌው ሲመጣ መርቆ ይሄዳል።”

“አንድ አበባ አለኝ።”

“አንድ?” ወደ ወዛደሮቹ ዞሮ ሣቀ። “ስማ፣ አንድ አበባ አላት! ለአንድ አበባ ነው ይህ ሁሉ ውሃ የሚፈሰው።”

“አንድም ብትሆን የእኔ ናት። እስከ ነገ ይህ መሬት በእኔ እጅ ነው። ዶማ አታሳርፍበትም።”

ድምፄ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። ወዛደሮቹ ዶማቸውን ከትከሻቸው አላወረዱም። ሸምሱ ሊመልስልኝ አፉን ሲከፍት አዶቴ ከምንጩ ጋ ጮኹ።

“ሸምሱ!”

“አቤት አዶት።”

“ና፣ መሰላሉን ያዝ።”

“ምን?”

“አንተ ነህ ከባዱ። እኔ ሳልይዘው ቀርቼ ልጅቷ ተወጋች። ና ያዝ አልኩህ!”

“አዶት፣ እኔ እኮ የመጣሁት ልነቅል ነው።”

“ስትነቅል ትነቅላለህ። አሁን ያዝ።”

እናቱ ናቸው። ምን ይላል? ጫማውን አውልቆ ሱሪውን ወደ ላይ ጠቅልሎ ጭቃው ውስጥ ገባ። መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ፣ ጉልበቱንም አስደገፈበት። ተራራ ላይ የቆምኩ ያህል ጸና። ወጣሁ።

“ምን እያደረገች ነው?” ሲል ከታች እሰማዋለሁ።

“አበባ እያጋባች ነው።”

“አላህ ያላጋባውን እሷ ልታጋባ?”

“የመዲና ሰዎች ተምራቸውን በእጃቸው ያጋቡ እንደነበር ኡስታዙ ሲናገር አልሰማህም? ወይስ ከኋላ ተቀምጠህ ታንቀላፋለህ?”

“አዶት፣ ጁምአ ያመልጠኛል።”

“ጁምአ ገና ነው። ዝም ብለህ ያዝ፣ አትወዝውዘው።”

እላይ ላይ ሆኜ የሁለተኛይቱ ጠርዝ መጠውለግ መጀመሩን አየሁ።  የታሰረው መዳፌ አይታጠፍልኝም። ዓይኔን ጨፍኜ እስትንፋሴ እስኪመለስ ጠበቅኩ። ለራሴ አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት፤ ባይሆንም እንኳ ሞክሬው ነው የሚቀረው። ግራ እጄን ከሥሯ አደረግኩ። እሾሁን አስገባሁ። ያቺን ስስ ምላስ ቀስ ብዬ ወደ ላይ መለስኳት፤ ተመለሰች። ቢጫውን በአውራ ጣቴ ጫፍ ተጫንኩት። ተጣበቀ። እሾሁን አወጣሁ። ምንም አልተቀደደም።

ይህ ሁሉ አንድ ፋቲሐ የሚቀራበትን ያህል እንኳ አልፈጀም።

“ሆነ?” አሉ አዶቴ።

“አላህ ያውቃል።”

ስወርድ ሸምሱ መሰላሉን ለቀቀና ወደ ላይ አንጋጦ አየ። “ይቺ ናት? ይቺን ነው?” አለ። ስላቅ ይሁን ሌላ ነገር አልለየሁትም። እግሩን ምንጩ ላይ ታጠበ። ወዛደሮቹን ጠራ።

“ችግኙን ይዘህ ሂድ” አልኩት።

“አላመላልሰውም። እዚሁ ይደር። ነገ ለማንኛውም እተክለዋለሁ።”

ጥሎት ሄደ። ጁምአም ደረሰለት።

አሁን ስለ ውጤቱ ልንገራችሁና ወደ ቅዳሜዋ ልመለስ። አበባዋ ይዛለች። ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው አይተው፣ ሐጂ ነስሩ በጣታቸው ነክተው ቦታውን ለእኔ አጸኑልኝ። ፍሬዋ አረንጓዴ ባቄላ መስላ ረዘመች። ዘጠኝ ወር ጠበቅኳት። ጫፏ ቢጫ ሲሆን ቆረጥኳት፤ ትዕግስት በስልክ እየመራችኝ በሙቅ ውሃ ነከርኳት፣ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አላብኳት፣ ቀን ቀን ፀሐይ እያሞቅኳት ወራት ቆየች። ጠቁራ፣ ለስልሳ፣ ቤቴን ሁሉ በመዓዛዋ ሞላችው። አንድ ፍሬ ነች። ገበያ አላወጣኋትም። ለአዶቴ በወተት አፍልቼ ሰጠኋቸው። “እንግዲህ ይህን ነው የቆረጥኩብሽ” አሉና እስከ ጭላጩ ጠጡት። አሁን ቆርቾቹ ሁሉ ሐረግ ለብሰዋል፤ በአበባው ወቅት ሴቶች በእሾህ ይሠራሉ፣ ልጆቼም በሱ ገቢ ተምረዋል። አልሐምዱሊላህ።

አዶቴን አልተቀየምኳቸውም። አሥራ ዘጠኝ ዘለላ የቆረጠው የእሳቸው ቢላዋ ብቻ አልነበረም፤ የእኔም ዝምታ ነው። የምታነቡኝ እናቶች፣ ዝምታን ሰዎች እንደ ጨዋነት አድርገው አስተምረውናል። እኔንም ብዙ ጊዜ ጠቅሞኛል። ያ ሐሙስ ግን ዝም ያልኩት ነገር ሌላ ሰው እጅ ላይ ቢላዋ ሆኖ እንደሚመጣ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ የእኔ የሆነውን ነገር “የእኔ ነው” እላለሁ። ብዙ አልናገርም፤ የምናገረውን ግን ሰው ይሰማዋል። ሴት ልጄን ለዳኝነትም ለገበያም አብሬ የምወስዳት እሱን እንድትማር ነው። ይህን ስል ሸምሱን ላሳጣው አይደለም። መሰላሉን ባይዝልኝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አውቃለሁ፤ ለእሱም ዱዓ አደርጋለሁ።

ከሁሉ የምኮራበት ግን አበባዋ አይደለችም። ቅዳሜ ጠዋት ያደረግኩት ነው።

ሱብሒ ሰገድኩ። ወደ ቆርቹ ቀና ብዬ አላየሁም። ይዛ ይሁን ሳትይዝ ቀርታ አላውቅም። ወደ ሙዙ ሥር ሄድኩና የመጀመሪያውን የጫት እስር በጀርባዬ አዘልኩ። አጥሬን ከፍቼ እስከ ጥርጊያው መንገድ ተሸከምኩና ዳር ላይ አስቀመጥኩት። ተመለስኩ። ሁለተኛውን አዘልኩ። የታሰረው መዳፌ እንደገና ደማ። ችግኙ እንዳይሰበር ተጠንቅቄ ነበር፤ የሰው ነው። ጥላ ያለበት ቦታ አስቀመጥኩት፣ ውሃም ረጨሁበት። አዶቴ ነቅተው አዩኝ። ትንሹን እስር መርጠው አዘሉና ከኋላዬ መጡ።

የመጨረሻውን አዝዬ ስወጣ ሽማግሌዎቹ ከሸምሱ ጋር ጥርጊያው ላይ ደረሱ። ሸምሱ የተደረደረውን ችግኝ አይቶ ቆመ። ሐጂ ነስሩ ምርኩዛቸውን ተደግፈው አዩኝ።

“አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ።”

“ወአለይኩም ሰላም፣ ሐጂ።”

“ሐረግሽ ፍሬ ያዘ?”

“ገና አላየሁም።”

“ሳታዪ ነው ይህን ሁሉ ተሸክመሽ ያወጣሽው?”

“አዎ።”

“ባይዝስ?”

“ባይዝ፣ እኔው ተሸክሜ እመልሰዋለሁ። ትናንት ሲያስገባው ግን ቀኑ አልነበረም።”

ሸምሱ አንገቱን ደፋ። እስሩን ከጀርባዬ አውርጄ ከሌሎቹ ጎን አስቀመጥኩ። እጄን ታጠብኩና ሁሉም እያዩኝ መሰላሉን ወጣሁ።